ኬፍነክ ያ ዞል? ከመተማ ድልድይ ወዲህና ወዲያ



በመጽሔት ላይ ሰላምታ አንድ መስመር ይበቃዋል። መተማ ላይ ግን አይበቃውም። መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አጭር ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው በጥቂት ደቂቃ ይሻገረዋል። መሀሉ ላይ የሚያውቀው ሱዳናዊ ከገጠመው ግን ጉዳዩን ለነገ ቢያሳድረው ይሻለዋል። ሱዳናዊው መጀመሪያ ቀኝ እጁን ትከሻችን ላይ መታ ያደርጋል፤ ቀጥሎ እጃችንን ይጨብጣል፤ ከጨበጠ በኋላ ደግሞ አይለቅም።

«ኬፍነክ ያ ዞል?» ይላል። እንዴት ነህ አንተ ሰው ማለቱ ነው። ደህና ነን፣ አልሐምዱ ሊላህ እንላለን። ጤናስ? ደህና። ቤተሰብ? ደህና። ልጆች? ከብቶች? ዝናቡስ? ልጅ እንደሌለን ያውቃል። ከብት እንደሌለን፣ የወር ደመወዝ የምንጠብቅ ሁለት መምህራን እንደሆንን ያውቃል። ቢሆንም ይጠይቃል። የሌሉትን ልጆቻችንን ደህና ናቸው፣ የሌሉትን ከብቶቻችንን ጠግበዋል ብለን፣ አለቀ መስሎን ወደ ጉዳያችን ልንገባ ስንል «ጠይብ… ኬፍነክ?» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እኛ ከወሎ ደጋ ወርደን መተማ ላይ ማስተማር የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ደገኛ ሰላምታው አጭር ባይሆንም እየሄደ ነው ሰላም የሚለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያልነው ነገር ቢኖር «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» ነበር። ዛሬ ይህንን ስንጽፍ ያን ጥያቄያችንን ብንደብቀው ደስ ባለን። ነገር ግን ከእሱ ካልጀመርን የቀረው አይገባም።

ከሰላምታው ቀጥሎ ያስቸገረን ሰዓቱ ነው። የእኛ ሰዓት ከማለዳ፣ የእነሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጠር እናውቃለን። ሱዳን ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሰዓቷን በ1 ወደ ኋላ መለሰች፤ ነገሩም ሁሉ ተደበላለቀ። አንድ ገላባታዊ መጽሐፍ ሻጭ «በ3 ሰዓት ኑ» አለን። እኛ በጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ቆምን። እሱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነጭ ጀለቢያውን እየጎተተ መጣ። አልዘገየም። እኛ ነን 7 ሰዓት ቀድመን የመጣነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ ሦስት የማናውቃቸው ሰዎች ሻይ ጋብዘውናል።

ዘመኑም እንደዚሁ ነው። ድልድዩን ስንሻገር 2010 የነበረው ዓመት 2018 ይሆናል፤ በሁለት መቶ እርምጃ ስምንት ዓመት እናረጃለን። ስንመለስ ደግሞ ወጣት እንሆናለን። ወዲህም ወዲያም ሳይለወጥ የሚሻገረው ሂጅራው ብቻ ነው፤ 1439 ገላባትም 1439፣ መተማም 1439 ነው። የገንዘቡን ነገር ተውት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ገንዘቧን ለውጣ የድሮውን 1000 ጂኔ 1 ብታደርገውም የሰዉ አፍ አልተለወጠም። አንድ ሻይ ጠጥተን «አምስት ሺ» ስንባል የደነገጥነው ድንጋጤ እስካሁን ይታወሰናል። አምስት ጂኔ ማለቱ ነበር።

ቁርስ ሌላው ጉድ ነው። እኛ ቁርስ የምንለው ከሥራ በፊት የሚበላውን ነው። ሱዳናዊው ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይወጣና ረፋድ ላይ፣ ቢሮው በሰው ሲሞላ፣ ለፈጡር ይነሳል። አንድ ቀን ወረቀታችንን የያዘው ጸሐፊ ማኅተሙን አንሥቶ፣ በአየር ላይ አቁሞ፣ መልሶ አስቀመጠው። ፈጡር ደርሷል። መናደዳችንን ፊታችን ላይ አይቶ መሆን አለበት፣ «ኢትፈደሉ» ብሎ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደን። አንድ ትልቅ ሳህን ፉል፣ ላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት፣ ዙሪያውን ዘጠኝ ሰው። ሰሊጡ ከድንበሩ በየትኛው ወገን እንደበቀለ አላህ ይወቅ። አለቃውና ጥበቃው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ስንጨርስ ማኅተሙን መታልን። ከዚያ በኋላ ጉዳያችንን ሆን ብለን ለረፋድ ማድረጋችንን አንክድም።

በመስጂድ ደግሞ የተሳሳትነው እኛ ነን። ገላባት ላይ ሱብሒ ሶላት ስንሰግድ ኢማሙ ፋቲሓውን ሲቀሩ «ማሊኪ» የሚለውን አሳጥረው «መሊኪ» አሉ። ከሁለታችን አንዱ፣ መድረሳ ውስጥ በቂርኣት አንደኛ ይወጣ የነበረው (ስሙን አንጠራም፤ ከመካከላችን ነው)፣ ከኋላ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ አረማቸው። ኢማሙ ምንም ሳይመስላቸው ቀጠሉ። ከሩኩዕ ቀና ስንል ደግሞ በሻፍዒይ መዝሀብ እንዳደግነው ለቁኑት እጃችንን ዘረጋን። ሰፉ በሙሉ ለሱጁድ ወረደ። ሁለት ሰዎች ብቻ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ግንድ ቆመው ቀሩ።

ከሶላት በኋላ ኢማሙ ጠሩን። እንደሚቆጡ ጠብቀን ነበር። ከሰላምታው በኋላ፣ ማለትም ብዙ ቆይቶ፣ በሱዳን ከጥንት ጀምሮ ቁርኣን የሚቀራው በብዛት ዱሪ ከአቡ ዐምር ባስተላለፉት ሪዋያ እንደሆነ፣ በእሱም «መሊኪ» ተብሎ እንደሚቀራ፣ እኛ የለመድነው ሐፍስ ከዓሲም ያስተላለፉት እንደሆነ፣ ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ አስረዱን። ማሊኪዎች ደግሞ ቁኑትን ከሩኩዕ በፊት ድምፅ ሳያሰሙ እንደሚያደርጉ ነገሩን። «እናንተ እጃችሁን ስትዘረጉ እኛ ጨርሰናል» አሉና ሳቁ። በመድረሳ ሳለን ስለ ሪዋያዎች ልዩነት ተምረን ተፈትነንበታል። ጥሩ ውጤትም አግኝተናል።

ሁሉም ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በገዳሪፍ ከተማ ጥላ ባለበት ሁሉ ከከሰል ምድጃ ኋላ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሻይ ሻጭ አለች። «ሲት ሻይ» ይሏታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። እኛ ማፍያውን ጀበና እንላለን፤ ሱዳኖች ቡናውን ራሱን ጀበና ይሉታል፤ ዝንጅብልና ስኳር ያበዙበታል። ከአንዷ ዘንድ ተቀምጠን በዐረብኛ ስናዝዝ በአማርኛ መለሰችልን፤ የወሎ ልጅ ነች። ፖሊስ ድንገት መጥቶ ዕቃቸውን የሚሰበስብበትን አፈሳ «ከሻ» እንደሚሉት፣ አንድ ጊዜ ሲኒዎቿን፣ ሌላ ጊዜ እሷን ራሷን እንደወሰዷት ነገረችን። «ያ ሐበሺያ» ብሎ የሚጠራትን ሁሉ እንደ ወንድም እንደማታየውም ነገረችን። የፉሉን ሳህን እንዳመሰገንን ይህንንም መጻፍ አለብን። የሱዳን እንግዳ ተቀባይነት ለሁሉ እንግዳ እኩል አይደርስም። ስንነሳ «አገር ቤት ስትገቡ ካፌ ውስጥ ነች በሉ» አለችን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ረመዳን ግንቦት ላይ ዋለ። በአንድ ጁምዓ ከሰሊጥ ነጋዴ ጎረቤታችን ጋር ሆነን ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በአውቶቡስ ተነሳን፤ መንገዱ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያ ዓመት ለሱዳን ክፉ ዓመት ነበር። ነዳጅ ጠፍቶ መኪናው በየማደያው ይሰለፋል፤ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አልቆባቸው ሰው የገዛ ገንዘቡን ለማውጣት በር ላይ ውሎ ይመለሳል። አውቶቡሳችንም ነዳጅ ፍለጋ ውሎ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገና መንገድ ላይ ነበርን።

ድንገት ፊት ለፊታችን ነጭ የለበሱ ሰዎች መንገዱን ዘግተው ቆሙ። ሁለቱ የጥምጣማቸውን ጨርቅ ፈትተው ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ገትረውታል። በመተማ፣ በቋራና በአርማጭሆ ቆላ የኖረ ሰው መንገድ የሚዘጋ ሰው ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጋዴው ጎረቤታችን ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ጫማው ውስጥ ከተተ። እኛ ጫማው ውስጥ የሚከተት ገንዘብ ስለሌለን ሸሃዳ ማለት ጀመርን። ሾፌሩ ግን ቀስ ብሎ አቆመና በሩን ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ወደ ላይ ወጥተው ጮኹ፦ «ውረዱ! ማንም አይቀርም! መግሪብ ደርሷል!»

የታገትነው ለፍጡር ነበር። በመንገዱ ዳር ረጅም ምንጣፍ ተዘርግቷል። የመንደሩ ወንዶች ልጆች ከየቤታቸው በራሳቸው ላይ ትሪ ተሸክመው እየሮጡ ይመጣሉ። የማሽላ ዐሲዳ ከነሙላሑ፣ ፉል፣ ቴምር፣ በትልቅ ሳህን ደግሞ ቀይ መጠጥ። «ሁሉ ሙር» ይሉታል፤ ጣፋጭ መራራ ማለት ነው። ማሽላውን አብቅለው፣ ፈጭተው፣ በቅመም አብኩተው እንደ ስስ ቂጣ ይጋግሩታል፤ ያደርቁታል፤ ለፍጡር ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። እኛ መተማ ላይ ያንኑ ማሽላ እንጀራ ስናደርገው ኖረን እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል ብለን አስበን አናውቅም። በጾም ቀን፣ በዚያ ሙቀት፣ ያ የመጀመሪያው ጉንጭ እንዴት እንደነበር መጻፍ አንችልበትም።

ከጎናችን የተቀመጠው ሰው ሁለት ቀን ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ባዶ እጁን እንደተመለሰ አጫወተን። እየሳቀ ነበር የሚያጫውተን፤ እያጫወተም ከፊቱ ያለውን ሥጋ ወደ እኛ ይገፋል። ነጋዴው ጎረቤታችን በሰማው ነገር ልቡ ተነክቶ ጫማውን አውልቆ ገንዘብ አወጣና ለሽማግሌው ዘረጋ። ሽማግሌው ገንዘቡን አዩ፣ ጫማውን አዩ፣ እኛን አዩ። «ሌባ መስለንህ ነበር?» አሉት። ጎረቤታችን መዋሸት አልቻለም። ሽማግሌው እስከ ሶላቱ ድረስ ሲስቁ ቆዩ፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉም ይነግሩ ነበር። ገንዘቡን ግን አልተቀበሉም።

ይህ መንገድ ብዙ አይቷል። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡ ተክሩሮች እዚህ ሰፍረው፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለኢትዮጵያም ለግብጽም እየገበሩ ገበያ አቁመውበታል፤ የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናና ሰም አውርደውበታል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖታችሁን ለውጡ የተባሉ የወሎ ሙስሊሞች ወደዚሁ ጠረፍ ተሰደውበታል። ያንን ያዘዙት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ እዚሁ ወደቁ፤ ከተማዋ ዛሬ ስማቸውን ይዛለች። በ1977ቱ ረሃብ ከአገራችን የወጣው ሕዝብ ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ በተባለ ሰፈር ተጠልሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ያው ሰፈር ከትግራይ ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ በእኛ ዕድሜ ያየነው ከእኛ ወደ እነሱ ሲሸሽ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረመዳን 24 ቀን 1444 ሂጅራ፣ በኸርጡም በጦር ሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ተኩስ ተጀመረ። በዒድ ሰሞን ድልድዩ በሰው ተጨናነቀ። ሐኪሙ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ሴቶች፣ ከእነሱም መካከል ከዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የእኛው ሻይ ሻጮች። የሰሊጥ ሠራተኛ ሳሉግ ሲጎርፍባት የኖረች መተማ እንዲህ ያለ መንገደኛ አይታ አታውቅም። ብዙዎቹ ኩመርና አውላላ ወደተባሉት መጠለያዎች ሄዱ። አንድ የኡምዱርማን መምህር ግን ከሚስቱ፣ ከሁለት ሴት ልጆቹና ከአረጋዊት እናቱ ጋር እኛ በተከራየንበት ግቢ አንዲት ክፍል ያዘ። ታላቅ ወንድ ልጁ እዚያው ቀርቷል። እኛ «ኡስታዝ»፣ እናቱን «ሐጃ» እንላቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የግቢው ባለቤት ጠራን። በመስጂድ በመጀመሪያው ሰፍ ከጎናችን የሚሰግድ ሰው ነው። «ዐረብኛ ስለምታውቁ ንገሩልኝ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራዩ ሦስት እጥፍ ነው» አለን። እኛ ምን አደረግን? ተረጎምን። የዐረብኛ ሰዋስው በደንብ ስለተማርን አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ኡስታዙ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ባለቤቱ ዞረና «ኬፍነክ? ጤናህ እንዴት ነው? ልጆችህ ደህና ናቸው? እናትህስ?» አለው። ባለቤቱ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀን። ይህንንም ተረጎምን። ሰላምታው ከኪራዩ ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ባለቤቱ መሬት መሬት እያየ «ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው» ይላል። ኪራዩን ግን አልቀነሰም። በማግሥቱ የኡስታዙ ሚስት የእጇን ወርቅ ይዛ ወደ ገበያ ወጣች። የነጃሺን ታሪክ በየመድረኩ ስንናገር ነጃሺው እኛ ራሳችን የሆንን ይመስለናል፤ እኛም ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ተናግረነዋል።

በዚያው ሳምንት ከግቢያችን አጠገብ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ክርስቲያን እናት በየቀኑ ትኩስ እንጀራና ሽሮ ይልኩላቸው ጀመር። «ሥጋ ያልነካው የጾም ድስት ነው ብላችሁ ንገሩልኝ፤ እንዳይሰቀቁ» አሉን። ይህኛውን ደስ ብሎን ተረጎምን። ኡስታዙ ግን አልገባውም፤ ድስት እንዴት ይጾማል? እስላም ያረደውን ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም እንደማይበላ፣ ሽሮ ግን የሁሉም እንደሆነ ስናስረዳው «እንግዲያው አገራችሁን የያዛት ሽሮ ነዋ!» አለ።

እሱም በተራው በእኛ ይገረም ነበር። ዐሥራ ሦስተኛው ወራችን አስቆታል። ጉርሻ ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲሰነዝሩ የሚመቱት መስሎት ሸሽቷል። ከሁሉ የገረመው ግን በዚህ ሙቀት ለመንገደኛ በደጅ ውኃ የሚያስቀምጥ ሰው አለመኖሩ ነው። በእነሱ አገር በየዛፉ ጥላ ሥር «ዚር» የሚሉት የሸክላ ጋን ይቀመጣል፤ የሞተ ወላጅ ያለው ሰው ለእሱ ሰደቃ ብሎ ይሞላዋል። ሐጃ ከገበያ ሁለት እንስራ አስገዝተው ከግቢው በር ውጭ በእንጨት ላይ አስቀመጡ። መተማ ላይ ውኃ በአህያ ጋሪ እየመጣ በጀሪካን ነው የሚሸጠው። ሦስት እጥፍ ኪራይ የሚከፍሉ ስደተኛ ገዝተው ይሞሉታል፤ ጋሪ ነጂው፣ የሰሊጥ ሠራተኛው፣ ተማሪዎቻችን ይጠጡታል። ባለቤቱ «በሬ ላይ ጭቃ ሆነ» ብሎ እንድንነግርለት ጠየቀን። ያን ቀን ዐረብኛ ጠፋብን።

በ2016 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ከፋ። ዘረፋና ግድያ ያስመረራቸው ስደተኞች በሚያዝያ መጨረሻ ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች በሺዎች ሆነው በእግር ወጡ። ኡስታዙም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ወራት ቆይቶ እኛም ወደ ጎንደር ወጣን። እንስራዎቹን ለእንጀራ ጋጋሪዋ እናት ሰጠናቸው። እስከወጣንበት ቀን ድረስ በራቸው ላይ ነበሩ።

ባለፈው ወር ከኸርጡም የመጣ አንድ ሰው የኡስታዙን ልጅ አየሁት ማለቱን ሰማን። ወሬው እውነት መሆኑን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ደወልንለት። «ኬፍነክ?» አለን። ደህና ነን፣ አልሐምዱ ሊላህ። ጤናችንን ጠየቀ። ባለቤቱን ጠየቀ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ተማሪዎቻችንን፣ የመተማን ዝናብ ጠየቀ። «ልጁስ?» ልንል አፋችንን ስንከፍት ካርዳችን አለቀ። ወዲያው እሱ መልሶ ደወለ፤ ስናነሳውም «ኬፍነክ ያ ዞል?» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።